የሃምሳ አለቃ ሣህሉ ማዕድ

አባቴን ፊት ለፊት «እርስዎ» እያልን ነው ያደግን። ቀበቶው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እያየን ሌላ ምን ልንለው ኖሯል? እዚህ ግን «እሱ» ብዬ ነው የማወራው፤ ቅር የሚለው ሰው ካለ ይበለው። ባህር ዳር ውስጥ ሃምሳ አለቃ ሣህሉን የሚያውቅ ሁሉ «ልጆቹን በሥርዓት ያሳደገ ሰው» ይለዋል። ሥርዓቱን የቀመስነው እኛ ነን፤ የምንናገረውም እኛ ነን።

ቤታችን ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ መንደሩ አልቆ ሐይቁ ከሚጀምርበት ጥግ የነበረች ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ናት። እናቴ እናትዓለም፣ ታላቅ ወንድሜ ክንዱና እኔ አገርነሽ፣ ከአባቴ ጋር አራት ነበርን። አባቴ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነው። ከኦጋዴን ጦርነት ሲመለስ ይዞ የመጣው የናስ ዘለበት ያለው ሰፊ የወታደር ቀበቶና አንድ ታሪክ ነው። ታሪኩ ይኼ ነው፦ ሲያፈገፍጉ አንድ ጓደኛው ደክሞት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ቂጣውን ቆርሶ እያላመጠ መብላት ጀመረ። እዚያው እንደተቀመጠ ጥይት አንገቱን በሳው። «ጉርሻው አፉ ውስጥ ነበር፣ አልዋጣትም» ይላል አባቴ፣ ሲናገር ዐይኑ ይፈጣል። እሱ ግን አንድ ጭብጥ በሶ ቆሞ ውጦ ስለሮጠ ተረፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአባቴ በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ቶሎ በልቶ የሚሮጥና ቀስ ብሎ በልቶ የሚሞት።

ጠዋት ወፍ ሲንጫጫ ዘለበቱ በራችንን ሁለቴ ይመታዋል። በባዶ ሆዳችን ከቤት ተነስተን በሐይቁ ዳር እስከ ዓባይ ድልድይ ሮጠን እንመለሳለን፤ እኛ ከፊት፣ እሱ ቀበቶውን በእጁ ጠቅልሎ ከኋላ። የቀረ ሰው ተረከዙን ይመታል። ደንገሉ ሥር ጉማሬ ወጥቶ ሲጠብቀን እንኳ «እሱ ይፍራህ! ሩጥ!» ነው መልሱ። ክንዱ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ተረከዙ ላይ የማይጠፋ ጠባሳ አወጣ። ሩጫው ሲያልቅ ልብሳችንን አስወልቆ ሐይቅ ውስጥ ይወረውረናል። መዋኘት የተማርነው እንዳንሰጥም ስንንፈራገጥ ነው።

ከዚያ ማዕድ። በእኛ ቤት ተቀምጦ መብላት የለም። አባቴ ቆሞ ይበላል፣ እኛም ከትሪው ዙሪያ ቆመን እንበላለን። ጉርሻ የለም፣ ወሬ የለም፣ «በሞቴ» የለም። «ቶሎ ብላ! ጥይት ቆሞ አይጠብቅህም!» የሚለው ድምፁ ብቻ አለ። ትሪው ላይ ፍርፋሪ ከቀረ ማንም ንቅንቅ አይልም።

ክንዱ ጎመን አይወድም ነበር። አንድ ቀን በጉንጩ ሸጉጦ ደጅ ሊተፋው ሲል አባቴ ነቃበት። አገጩን በሁለት ጣቱ ጨምቆ አፉን አስከፈተውና መንጋጋውን በቡጢ አቀመሰው። ጎመኑ፣ ደሙና አንድ የወተት ጥርሱ ትሪው ላይ ወደቁ።

«ብላው» አለው።

ክንዱ ጥርሱን ለይቶ አስቀመጠና ጎመኑን በላው። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ የራሴን ጎመን ሳላኝክ ዋጥሁ፤ እስከ ዛሬም ጎመን ሳላኝክ ነው የምውጠው።

መቼም ክፉ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ። ግን አምባዛ ዓሣ ሲገዛ ሥጋውን ለእኛ ገፍቶ ጭንቅላቱን የሚግጠው እሱ ነው። በድርቁ ዓመት እህል ሲጠፋ የራሱን እንጀራ ለሁለት ቆርሶ ለእኔና ለክንዱ አካፍሎ፣ ጾሙን አድሮ ጠዋት ከኋላችን ሮጧል። ይህን ስለማውቅ ነው ንዴቴ የማይበርደው። በወተት ዱቄት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልቶ፣ በብረት ዘንግ አገናኝቶ ለክንዱ ክብደት ማንሻ የሠራለትም እሱ ነው። ክንዱ አደገ፤ ደረቱ ሰፋ፣ ባቱ ጠነከረ፣ ባህር ዳር ውስጥ ቀድሞት የሚሮጥ ጎረምሳ ጠፋ። ሰዉ «የሣህሉን ልጅ እዩት» ይል ጀመር። ቀበሌው ማስ ስፖርት ሲያቋቁም ፊሽካውን ለአባቴ ሰጠው። እሑድ እሑድ የቀበሌውን ወጣት ሁሉ ሐይቁ ዳር ካለው ሜዳ ሰብስቦ ያዘልላል፣ በደንገሉ መሐል ያስሮጣል፣ ያስዋኛል። የሰው ልጅ ስለሆኑ በቀበቶ አይመታቸውም፤ ያን ጊዜ ነው ሲስቅ ያየሁት።

የሰባ ሰባቱን ድርቅ... እሱን ልተወው፤ ነገሬ ሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት ላይ ነው። በዚያ ዓመት ጦርነቱ ደብረ ታቦር ደረሰ። ቁስለኛ የጫነ መኪና በድልድዩ ይገባል፣ ባዶውን ደግሞ ተመልሶ የሚሄድ የለም፤ በእኛ ልጆች ተሞልቶ ነው የሚሄደው። ክንዱ ሃያ ዓመቱ ነበር። አንድ እሑድ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ወልደ ሐዋርያት ወደ ሜዳው መጣና የክንዱን ክንድ ጨበጥ፣ ትከሻውን ደገፍ አድርጎ፣ ልክ በሬ እንደሚገዛ ሰው ዳበሰው።

«ሃምሳ አለቃ» አለ፣ «ይህን ለእናት አገር አይደል ያደለብኸው?»

አባቴ አብሮት ሳቀ። ቤት ሲገባ ግን ትሪው ፊት ቆሞ ቀረ። ሁለት ጉርሻ ወሰደና እጁን ታጠበ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የእሱ ፈንታ ትሪው ላይ ሲቀር አየሁ።

ጎረቤታችን ሙሀመድዘይን ነጋዴ ነው፤ ጨውና ቡና በጀልባ ከሐይቁ ማዶ ወደ ደልጊ ያሻግራል። ሚስቱ ሸምሲያ ከእናቴ ጋር በአጥሩ ላይ ነው የምታወራው፣ እሳትና ወንፊት በአጥሩ ላይ ነው የሚቀባበሉት። ወሬውን ሰምቶ በማግስቱ መጣ፣ ደጁ ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ልጁን ለእኔ ይስጡኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ ጀልባ አለኝ። ደልጊ ከወንድሜ ዘንድ ይከርማል። ጨው ሲሸከም የሚውልን ልጅ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?»

እናቴ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ አባቴን ታየዋለች። ክንዱም ያየዋል። እኔ መርከብ ላይ የተሳፈርን ያህል ደስ አለኝ።

«እኔ ወታደር ነኝ» አለ አባቴ። «የእኔ ልጅ ጆንያ ሥር ተደብቆ እንደ ኮንትሮባንድ አይሻገርም። በሕግ ነው የማስቀረው።»

ሕጉ ምን መሰላችሁ? ባለፈው ዓመት የአናጢው የተክለ ጊዮርጊስ ልጅ ሚዛን ላይ ወጥቶ «ከሲታ ነው፣ አይችልም» ተብሎ ተመልሷል። አባቴ ይህን ሰምቷል። የዘንድሮው ምዝገባና ሚዛን ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው ተብሏል። ሰውየው ያንን መንግሥት አውቀዋለሁ ባይ ነው፤ የሚመዝን ከሆነ መዝኖ ይወስዳል፣ መዝኖ ይተዋል ብሎ አመነ። ሁዳዴ ሊያዝ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ክንዱን ጠራና ፍርዱን ሰጠ።

«ከሰኞ ጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል በአፍህ አይገባም። ሲሞላም አንዲት ቂጣ ናት።»

«ሩጫውስ አባባ?» አለ ክንዱ።

«ሩጫውማ እጥፍ ነው። ሥጋህ መውረድ አለበት።»

ከልጅነቱ ጀምሮ ብላ እየተባለ የተገረፈ ልጅ አሁን እንዳይበላ ሊገረፍ ነው። ሆድ ደግሞ ትእዛዝ አይሰማም። ክንዱ ጠዋት ወደ ድልድዩ ሁለቴ ሮጦ ይመጣና ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። እናቴ የምትሠራው ምግብ መጠኑ አልተቀነሰም፤ ትሪው ላይ ምንም እንዳይቀር የሚለው ሕግም አልተሻረም። ስለዚህ የክንዱን ፈንታ እኔ እንድበላ ታዘዝሁ። ፊቱ ቆሜ እበላለሁ። እሱ ዐይኑን ከእጄ ላይ አያነሳም። እያነቀኝ ወፈርሁ። ጎረቤቱ ይህን ሳያውቅ «የእናትዓለም ልጅ መነኮሰ እኮ፣ እንዴት ያለ ጾመኛ ነው» እያለ ያመሰግነዋል።

ቅዳሜ መጣ። እናቴ ጠዋት የሽምብራ ቂጣ ለክንዱ አቀረበች። አባቴ ነጥቆ መሬት ጣለው።

«ኧረ አንተ ሰውዬ!» አለች። «ቅዳሜና እሑድ ከእህል ውሃ መከልከል ኃጢአት ነው። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አላዘዘችም!»

በጥፊ መታት። እናቴን ሲመታት አይቼ አላውቅም ነበር። እሷም አልለመደችውም፤ ጉንጯን ይዛ ሳታለቅስ ቆመች፣ ከዚያ ቂጣውን ከመሬት አንስታ አራገፈችውና ሰቀለችው። ከዚያ ወዲያ ሳምንቱ ሰባቱም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

እሑድ ከማስ ስፖርቱ በኋላ አባቴ ክንዱን ወደ መጋዘኑ ይወስደዋል። በሩ ላይ ጆንያ የሚመዘንበት ትልቅ ሚዛን አለ። ክንዱን በቁምጣ ያቆመዋል፣ የሚዛኑን ብረት በጣቱ እየገፋ ያያል። ክብደቱ በወረደ ቁጥር «ጥሩ» ይላል። ወንድሜ ሮጦ ሁሉን ሲቀድም፣ ሐይቁን ዋኝቶ ሲመለስ፣ ያን የሲሚንቶ ጣሳ በአንድ እጁ ሲያነሳ «ጥሩ» ያልተባለ ልጅ ነው። አሁን የጎኑ አጥንት ሲቆጠር «ጥሩ» ተባለ።

ወሩ ሳይጋመስ ሸምሲያ አንጀቷ አልቻለም። ክንዱ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ አቀበለችው። «ብላ ልጄ፣ አሏህ ያያል» አለችው። ክንዱ እዚያው አጥር ሥር ተደፍቶ በላው። እንደ ተማረው ቶሎ በላው፤ ቢሆንም ፍርፋሪው ሸሚዙ ላይ ቀረ።

አባቴ ፍርፋሪውን በጣቱ አንስቶ አየው። ከዚያ ቀበቶውን ከግድግዳው አወረደ። ጓሮ አውጥቶ መታው። መጀመሪያ በቆዳው፣ ቀጥሎ አዙሮ በዘለበቱ። ክንዱ ተዳክሞም ቢሆን ከእሱ ሁለት እጅ ጉልበት ነበረው፤ አንዲት ጊዜ እጁን ቢያነሳ አባቴ ይወድቅ ነበር። አላነሳም። ጭንቅላቱን በክንዶቹ ሸፍኖ ቆመ። ዘለበቱ በክንዶቹ መሐል አልፎ ግንባሩን ሰነጠቀው፣ ደሙ ዐይኑን ሞላው። «ልገድልህ አይደለም! ላድንህ ነው!» እያለ ይጮሃል አባቴ፣ እያለቀሰ ይመታል። እናቴ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። በእግሩ ገፍትሮ ጣላት። ሸምሲያ ከማዶ ኡኡታዋን አቀለጠችው።

ሙሀመድዘይን አጥሩን ዘሎ ገባና የአባቴን እጅ ያዘ።

«አንቱ ሰውዬ! ጦሩ ሳይገድለው እርስዎ ሊገድሉት ነው?»

አባቴ በግራ እጁ አፉን መታው። የዚያ የተከበረ ሰው ከንፈር ተተረተረ፣ ነጭ ጀለቢያው በደም ተነከረ። ሙሀመድዘይን መልሶ አልመታም። ደሙን በእጁ ጠረገና «የጀልባው ነገር ቀርቷል፣ ሃምሳ አለቃ» ብሎ በበሩ ወጣ። የክንዱ መዳኛ መንገድ አብሮት ወጣ። ያኔም ገብቶኛል።

የደብረ ዘይት ዕለት እሑድ ነው። ጓድ ወልደ ሐዋርያት ቀድሞ አባቴን አስጠርቶ «ከአውራጃ እንግዳ ይመጣል፣ ለማስ ስፖርት አንድ ወጣት እንዳይቀር» ብሎታል። አባቴ ቤት ለቤት ዞሮ ሁሉንም ቀሰቀሰ። ክንዱ ግንባሩ ላይ ጨርቅ እንደታሰረ መሬት ተኝቷል።

«ዛሬስ አልችልም፣ አባባ።»

«ከቀረህ ይጠረጥራሉ። ተነስ።»

እኔም አብሬ ወጣሁ። ሜዳው ሞልቷል። አባቴ ፊሽካውን ነፋ፣ እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ጎን፣ ዝላይ። ሌሎቹ ሁለቴ ሲዘሉ ክንዱ አንዴ ነው የሚዘለው። በመንገዱ በኩል ሦስት ሸራ የለበሱ የጭነት መኪኖች መጥተው ቆሙ። እኛ እንግዶቹ መጡ ብለን ዞር እንኳ አላልንም። አባቴ ግን ወታደር ከመኪና እንዴት እንደሚወርድ ያውቃል። ሊከብ የሚወርድ ወታደር አወራረዱ ሌላ ነው። ፊሽካውን ሳንባው እስኪሰነጠቅ ነፋው።

«ወደ ሐይቁ! ሩጡ! ወደ ሐይቁ!»

አንድ ወታደር ደርሶ በሰደፍ አፉን መታው። ፊሽካው ከነጥርሱ ወደቀ። ልጆቹ ግን ሰምተዋል። እሱ እንዳስተማራቸው ጎንበስ ብለው በደንገሉ መሐል ገቡ፣ ከደንገሉ ወደ ውሃው፣ እየጠለቁ ዋኙ። ጥይት በውሃው ላይ ተርከፈከፈ። አንዱ እግሩን ተመትቶ ሲጮህ ጓደኞቹ በፀጉሩ እየጎተቱ ወሰዱት። ታንኳ ላይ የነበሩ ዓሣ አጥማጆች እጃቸውን ይዘረጉ ነበር።

ክንዱ መጀመሪያ ላይ ቀደመ። እንደ ድሮው፣ አንገቱን ቀና አድርጎ። ደንገሉ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጉልበቱ ታጠፈ። ተነሳ። ሮጠ። እንደገና ታጠፈ። እኔ ከፊቱ ነበርሁ፣ የእሱን እህል የበላሁት እኔ። ተመልሼ ብብቱን ይዤ ጎተትሁት፤ ያ ሁሉ ሥጋው አልቆ ቀሎኝ ነበር። አንድ ወታደር ፀጉሬን ያዘኝ። እጁን አጥንቱ እስኪሰማኝ ነከስሁት። በሰደፍ አንገቴ ሥር መታኝና አጥንቴ ቀጭ ሲል ሰማሁት፤ ያ ትከሻዬ ዛሬም ብርድ አይችልም። «ሴት ናት፣ ተዋት» አለ ሌላው።

«ተነስ!» ይላል አባቴ ከሜዳው ላይ፣ አፉ ደም ሞልቶ። «ክንዱ! ሩጥ! ሩጥ!»

ክንዱ አንድ እግሩን አነሳ። ሁለተኛው አልታዘዘውም። በተረከዙ ይዘው፣ ያ ጠባሳ ባለበት ተረከዙ፣ መሬት ለመሬት ጎተቱት።

በዚያን ቀን የተያዙት ጥቂት ናቸው። አባቴ ያስተማራቸው የሰው ልጆች አመለጡ፣ የራሱ ልጅ ተያዘ። የተያዙትን ወስደው እዚያው እህል መጋዘን ግቢ አጎሯቸው። ሚዛኑ በሩ ላይ ቆሟል። ክንዱን በሚዛኑ አጠገብ እየጎተቱ አሳለፉት፤ ማንም ሊመዝነው አልፈለገም።

እናቴ በሶ በጠበጠች፣ አጠንክራ ጨበጠችው። አባቴ አፉ እንዳበጠ ይዞት ወጣ፣ እኔም ትከሻዬን በነጠላ አስሬ ተከተልሁት። ፀሐይ አናት ላይ ናት። በሽቦው አጥር ዙሪያ እናቶች እየጮሁ ነው፤ አንዱ ወታደር በዱላ ያባርራል፣ ሌላው ፊቱን አዙሮ ያሳልፋል። አባቴ ሁለት ዱላ ጀርባው ላይ ተቀብሎ ሽቦው ጋ ደረሰ። ክንዱን ጠራው። ክንዱ እያነከሰ መጣ።

«ብላ» አለው አባቴ፣ በሶውን በሽቦው መሐል እየገፋ። «ልጄ፣ ቶሎ ብላ።»

ክንዱ በሶውን ተቀበለ። ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ።

«ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም፣ አባባ።»

አባቴ ሽቦውን በሁለት እጁ ጨበጠው። እሾሁ መዳፉን በሳው፣ ደሙ ወረደ፣ አልለቀቀም። «በእመቤቴ ይዤሃለሁ» አለ። «ብላልኝ።» ክንዱ በሶውን በእጁ ላይ አመዛዘነውና ባለ በሌለ ኃይሉ ፊቱ ላይ ወረወረበት። በሶው አባቴ ጢም ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ክንዱ ወደ እኔ ዞረ፣ ድምፁ ለወጥ አለ።

«አገር፣ አንች ብይ እሽ» አለኝ።

መኪኖቹ ስምንት ሰዓት ላይ ወጡ።

አባቴን ወጣቶቹን በማስመለጡ ቀበሌው አሰረው፣ ውስጥ እግሩን ገረፈው፣ ከመጋዘን ሥራውም አባረረው። ሲፈቱት ፋሲካ አልፏል። ቤት ገብቶ መደብ ላይ ተጋደመና እህል እምቢ አለ። እናቴ ለመነችው፣ የንስሐ አባቱ መጡ፣ ሙሀመድዘይን ሳይቀር ከንፈሩ ላይ ጠባሳውን ይዞ መጥቶ እግሩ ሥር ተቀመጠ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጉንጩ ጎደጎደ። እናቴ ደጅ ወጥታ ማልቀስ ጀመረች፤ የልጇ እንባ ሳይደርቅ ባሏን ልትቀብር።

እኔ ንዴት ያዘኝ። ሊያመልጥ ነው አልሁ በልቤ። ክንዱን በዚያ አፍ እየጮኸበት ለዚህ አደረሰውና እሱ በዚያው አፍ ዝም ብሎ ሊያመልጥ ነው። እንጀራውን በትሪ ፊቱ አቀረብሁ። ቀበቶውን በደህናው እጄ ከግድግዳው አወረድሁና መደቡን በዘለበቱ መታሁት።

«ብላ» አልሁት።

እርስዎ ማለቱ በዚያች ቀን ቀረ። ቀና ብሎ አየኝ። ትከሻውን መታሁት። ደገምሁት። እናቴ ሮጣ ገብታ «ኧረ በማርያም! አባትሽ ነው!» አለች፣ ግን አልያዘችኝም። ቀበቶውን ጭኔ ላይ ጥዬ አገጩን በሁለት ጣቴ ጨመቅሁት፣ አፉን አስከፈትሁት፣ ጉርሻውን ከተትሁበት። ተፋው። በጥፊ መታሁትና ሌላ ከተትሁ። ዋጠው። እንባው በጉንጩ ወረደ፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ እጄ ግን አላቆመም። «ቶሎ ብላ» አልሁት። ትሪው ላይ ፍርፋሪ እስኪጠፋ በላ። አላፍርበትም። ያስተማረኝን ነው የሠራሁት። በማግስቱ ጠዋት በሩን በዘለበቱ ሁለቴ መታሁት። ተነስቶ፣ በተገረፈ እግሩ እያነከሰ፣ እስከ ዓባይ ድልድይ ተከተለኝ።

በሰማንያ ሦስት ደርግ ወደቀ። ወታደሩ ከሰሜን በእግሩ ይጎርፍ ጀመር፣ ቦት ጫማው አልቆ፣ ቁስሉ ተልቶ፣ በየደጁ እየለመነ። አባቴ በሶ በከረጢት፣ ውሃ በጀሪካን ይዞ ድልድዩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም ቀበቶውን ወገቤ ላይ ታጥቄ አብሬው እውላለሁ። ያለፈውን ሁሉ «ክንዱ ሣህሉ የሚባል፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው» እያለ ይጠይቃል። የሚያውቅ አልተገኘም። በሶውን ግን ለሁሉም ይጨብጣል። ክረምቱ ገባ፣ ወታደሩ ሳሳ። ክንዱ በዚያ ድልድይ አላለፈም። በሌላም አላለፈም።

ከመጨረሻዎቹ አንዱ ረጅም ልጅ ነበር፣ ዐይኑ አያርፍም። አባቴ ሊያስቀምጠው እጁን ያዝ ሲያደርገው የሚዘርፈው መስሎት በቡጢ አጮለው። የቀሩት የፊት ጥርሶቹ ረገፉ፣ ሽማግሌው አስፋልት ላይ ተዘረረ። እኔ ቀበቶውን ከወገቤ ፈትቼ ተነሳሁ። ዘለበቱን ባናቱ ላወርድበት ስል አባቴ እግሬን ያዘ።

«ተይው» አለ።

ተንፏቆ ቁጭ አለና ደሙን እየተፋ ከከረጢቱ አንድ ጭብጥ በሶ ዘረጋለት። ልጁ ነጠቀው። ቆሞ፣ ግራ ቀኝ እየቃኘ፣ ሳያኝክ ይውጥ ጀመር። አነቀው፣ ሳለ፣ እንደገና ጎሰጎሰ። አባቴ አንጋጦ አፉን ያየዋል።

«ልጄ» አለው፣ «የሚመጣብህ የለም። ቀስ ብለህ ብላ።»

ይህን ቃል ከአባቴ አፍ ሰምቼው አላውቅም። እኔም ክንዱም አንድ ቀን አልተባልንም፤ ስሙን ለማያውቀው፣ ጥርሱን ላረገፈው ሰው ሰጠው። በጣም ተናደድሁ። ቀበቶውን ታጥቄ ከጎኑ ቁጭ አልሁ፣ ከከረጢቱም ለራሴ ዘገንሁ። ወታደሩ ቆሞ፣ እኛ ተቀምጠን፣ ሦስታችንም በላን።